ሺሙራ ሲያዳምጥ

«ኢኪሩ» በተባለው የጃፓን ፊልም ውስጥ ዋናው ሰው የሚሞተው ፊልሙ ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ታሪኩ 143 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲሶው ገደማ ሲቀር የካንጂ ዋታናቤን ፎቶግራፍ በአበባና በዕጣን ተከብቦ እናየዋለን። ቀሪው ፊልም ለቅሶ ቤት ነው። ምክትል ከንቲባው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንትና የሟቹ የበታች ጸሐፊዎች ወለሉ ላይ ተደርድረው ስለ ሟቹ ያወራሉ። በመጀመሪያ ወሬው የሹማምንቱ ነው። በድሃው ሰፈር የተሠራው የልጆች መጫወቻ የበላዮች ሥራ እንጂ የአንድ የክፍል ኃላፊ ሥራ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ የበታቾቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበላሉ። በዚህ መሐል የሰፈሩ ሴቶች ይገባሉ። አንዲትም ንግግር አታደርግም፤ ዕጣን ያጨሳሉ፣ አልቅሰው ይወጣሉ። ምክትል ከንቲባው መቀመጫው ይቆረቁረውና ሰበብ ፈልጎ ይነሣል። ሹማምንቱ ከሄዱ በኋላ መጠጡ ይደጋገማል፤ ጸሐፊዎቹም እያንዳንዳቸው ያዩትን ቁራጭ ማስታወስ ይጀምራሉ። ቁራጩ ከቁራጩ ሲገጥም፣ ዋታናቤ ካንሰር እንደያዘው አውቆ የመጨረሻ ወራቱን ለዚያ መጫወቻ ቦታ እንደሰጠ ይገባቸዋል። ሰክረው ይላቀሳሉ፤ ከነገ ጀምሮ እንደ እሱ ለመሥራት ይማማላሉ። በማግስቱ አዲሱ የክፍል ኃላፊ የመጣለትን አቤቱታ ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል።

ዋታናቤን የተጫወተው ታካሺ ሺሙራ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1982 በ76 ዓመቱ ዐረፈ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልም ከጀመረበት ከ1934 አንሥቶ ከ200 በሚበልጡ ሥራዎች ላይ ታይቷል። ይህን ሰው ማክበር የሚሻ ሁሉ ያ ለቅሶ ቤት ያስፈራዋል፤ ሊያስፈራውም ይገባል። በሟች ፊት የሚነገር ውዳሴ ምን ያህል የተናጋሪው ልብ ማሳረፊያ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ሺሙራ ራሱ በፎቶግራፉ ተገኝቶ አሳይቶናልና። ስለዚህ ታላቅ ነበር፣ ሁለገብ ነበር፣ ቦታው አይሞላም እያሉ መደርደር ለእሱ አይሆንም። የሚበጀው የለቅሶ ቤቱ ጸሐፊዎች በመጠጡ መሐል ሳያስቡት ያገኙት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ማምጣት። እኔም ያየሁትን አመጣለሁ። በፊልሞቹ ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሲያዳምጥ።

ስለ ትወና ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለሚናገረው ሰው ነው። ድምፁን እናደንቃለን፣ እንባውን እንቆጥራለን፣ ቁጣውን እንመሰክርለታለን። ይህን ያስተማረን መድረክ ይመስለኛል፤ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተመልካች የሚደርሰው የሚናገረውና የሚንቀሳቀሰው ነውና። ካሜራ ግን ፊትን ከአንድ ክንድ ርቀት ማሳየት ስለቻለ፣ አንዱ ሲናገር የሌላውን ፊት እንድናይ አደረገን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠ። የተነገረው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የምናውቀው ከሰሚው ፊት ነው። ተናጋሪው ቢዋሽም፣ ቢያጋንንም፣ ሰሚው ላይ የደረሰው ነገር አይዋሽም። እዚህ ላይ የተዋናዩ ሥራ ከባድ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚሰማውን ነገር ጽሑፉን ካጠናበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፣ በልምምድ ሰምቶታል፣ ካሜራው ከመነሣቱ በፊትም ሰምቶታል። ያም ሆኖ ዛሬ ገና የደረሰው ሆኖ መቀበል አለበት። ይህን ለማድረግ ውስጡን ክፍት አድርጎ መተው ያስፈልገዋል፤ ክፍት የሆነ ሰው ደግሞ ይጎዳል። ሺሙራ ለ50 ዓመት ያህል የሚጎዳ ሰው ሆኖ ካሜራ ፊት ቆመ።

የተወለደው በ1905፣ በሂዮጎ ግዛት በምትገኝ ኢኩኖ በተባለች የብር ማዕድን ከተማ ነው። ዘሩ ከሳሙራይ ወገን ይቆጠራል። ወጣት ሳለ በኦሳካ ከተማ የውሃ አገልግሎት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ከሥራው ጎን ለጎንም በካንሳይ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይማር ነበር። ቲያትር የያዘው እዚያ ነው። ልምምዱ ከሥራ እያስቀረ ደመወዙን አሳጣው፤ ከዚያም ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድኖች ጋር ኖረ። በወረቀት ክምር መሐል ሰላሳ ዓመት የተቀመጠን የማዘጋጃ ቤት ሰው ትከሻ ያን ያህል አጉብጦ ያሳየን ተዋናይ፣ ራሱ የማዘጋጃ ቤት ደመወዝ የበላ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ምን ያህሉን ወደ ዋታናቤ እንዳመጣ ግን መገመት አልፈልግም። የተዋናይን ሥራ ከሕይወት ታሪኩ እንደተቀዳ መቁጠር ሥራውን ያሳንሰዋል፤ የውሃ አገልግሎት ጸሐፊ የነበረ ሰው ብዙ ነው፣ «ኢኪሩ»ን መሥራት የቻለ ግን እሱ ነው።

በ1936 በኬንጂ ሚዞጉቺ «የኦሳካ ሙሾ» ላይ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጎራዴ ታሪኮች ውስጥ ብዙ ተመላለሰ፤ ስሙን የሚያስታውስ ተመልካች ባይኖረውም ፊቱን የሚያውቀው ሰው በየዓመቱ ይበዛ ነበር። በ1939 «ዘማሪዎቹ የፍቅር ወፎች» በተባለ አስቂኝ የሙዚቃ ፊልም ላይ ጃንጥላ እየሠራ የሚኖር፣ ልቡ ግን በአሮጌ ዕቃ መግዛት የተሰለበ አባት ሆኖ ዘፈነ። ያን ፊልም ያየ ሰው ይገረማል፤ ሺሙራ ድምፅ ነበረው፣ ጥሩ ዘፋኝ መሆን የሚችል ሰው ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ «ኢኪሩ» ስንመለስ ያስፈልገናል።

በኋላ «ኢኪሩ»ን የሠራው አኪራ ኩሮሳዋ የመጀመሪያ ፊልሙን «ሳንሺሮ ሱጋታ»ን በ1943 ሲሠራ ሺሙራን ጠራው። ገና 38 ዓመቱ ነበር፤ የተሰጠው ግን የአንዲት ወጣት አባት፣ ያረጀ የጁጂትሱ መምህር የሆነ ሰው ነው። በወጣቱ ሳንሺሮ ይሸነፋል፤ ሽንፈቱንም ያለ ቂም ይቀበላል። ኩሮሳዋ በሕይወት ዘመኑ ከሠራቸው 30 ፊልሞች መካከል፣ ከዚያ እስከ 1980 ድረስ፣ በ21ዱ ላይ ሺሙራ አለ። ከኩሮሳዋ ጋር ስሙ የተቆራኘው ቶሺሮ ሚፉኔ እንኳ የሠራው በ16ቱ ነው።

ማዳመጥን ካነሣሁ ዘንዳ አንድ የሚያውክ ነገር ማለፍ የለብኝም። ማዳመጥ በራሱ ደግነት አይደለም። ሺሙራ ይህን ያሳየን ገና በ1946፣ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ ነው። «በወጣትነታችን አንጸጸትም» በተባለው የኩሮሳዋ ፊልም ላይ ነጻ አሳቢዎችን የሚያሳድደው ልዩ ፖሊስ መርማሪ ሆኖ ተወነ። ሺሙራ ራሱ ከጦርነቱ በፊት ከግራ ዘመም የቲያትር ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት በዚያው ፖሊስ ታስሮ ያውቃል። አሁን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀመጠ። መርማሪውን ጯሂ አላደረገውም። ከፊቱ የተቀመጠችውን ሴት በትዕግሥት ያዳምጣታል፤ የሚያዳምጠው ግን የምትሰነጠቅበትን ቦታ ለማግኘት ነው። ጆሮው እንደ አዳኝ ጆሮ የተቀሰረ ነው። ያው ፊት፣ ያው የከበዱ የዓይን ቆቦች፣ ያው ወፍራም ከንፈር፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በሞት ፊት የሚንቀጠቀጠውን ዋታናቤን ይዞ ይመጣል።

ሰውን ከፊቱ እናነባለን ብለን እናምናለን። ክፉ ሆኖ የተወነን ሰው መንገድ ላይ አይቶ የሚሰድብ ተመልካች በየአገሩ አለ፤ ደግ ሆኖ የተወነውን ደግሞ ችግሩን ሊያዋየው የሚከተል አለ። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ፊት ነፍስን ይዞ የተወለደ ይመስላቸዋል። ሺሙራ በአንድ ፊት መርማሪንም ተመርማሪንም መሆን የቻለው ፊት ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ፊት የሚሠራው ከሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ማንን ነው የምታዳምጠው? ምን ልታደርግበት? መርማሪውን ከዋታናቤ የሚለየው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እዚህ ላይ ትወና ስለ እኛም አንድ ነገር ይነግረናል ብዬ አምናለሁ፦ ደግነታችንም ክፋታችንም የሚያልፈው በዚያው ጆሮ፣ በዚያው ዓይን ነው፤ ለደግነት ተብሎ የተቀመጠ ሌላ አካል የለንም።

በ1948 «ሰካራሙ መልአክ» መጣ። ሺሙራ ዶክተር ሳናዳ ነው፤ አፉ ክፉ፣ ጠጪ፣ ለሕክምና ያስቀመጠውን አልኮል ሳይቀር የሚጨልጥ፣ ነገር ግን የድሆችን ሳንባ ለማዳን ዕረፍት የሌለው ሰው። ክሊኒኩ የቆመው አረፋ በሚተፋ የሰፈር ኩሬ ዳር ነው። ሚፉኔ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ወጣት ወንበዴ ነው። ኩሮሳዋ በግለ ታሪኩ ላይ በፊልሙ ርዕስ የተጠራው መልአክ ሐኪሙ እንደነበረ፣ የሚፉኔ ኃይል ግን ፊልሙን ጠቅልሎ እንደወሰደው ጽፏል፤ ለሺሙራ 90፣ ለሚፉኔ 120 ነጥብ እስከ መስጠት ደርሷል። ኩሮሳዋን ባከብርም በዚህ አልስማማም። ሚፉኔ ያን ያህል ሊቆጣ፣ ሊሰብር፣ ሊወራጭ የቻለው ቁጣውን ሁሉ የሚቀበለው ሰው ከፊቱ ስለነበረ ነው። ወንበዴው ሐኪሙን አንገቱን ሲያንቅ የሺሙራን ዓይን እዩ። የታነቀው አንገቱ ነው፤ ዓይኑ ግን በዚያች ቅጽበትም የታማሚውን ሳንባ እየመረመረ ነው። ከ120ው ውስጥ ቢያንስ ሰላሳው የሺሙራ ነው።

ስለዚያ ኩሬ አንድ ቃል። ሐኪሙ በኩሬው ዳር የሚጫወቱ ልጆችን እየጮኸ ያባርራል፤ ኩሬውን ማድረቅ ግን አይችልም፣ ሥልጣኑም ገንዘቡም የለውም። ከአራት ዓመት በኋላ በ«ኢኪሩ» የሰፈር ሴቶች ወደ ማዘጋጃ ቤት ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ ልጆቻቸውን ስለሚያሳምም የተኛ ውሃ ነው። ያን ረግረግ ደፍኖ መጫወቻ የሚያደርገው ዋታናቤ ነው። በሁለቱ ፊልሞች መካከል በጽሑፍ የተያያዘ ታሪክ የለም። የሺሙራን ሥራ በቅደም ተከተል ለሚያይ ሰው ግን አንዱ ሰው ቆሞ ያልቻለውን ሌላው ተንበርክኮ የፈጸመው ይመስላል። የአንድ ተዋናይ ረጅም ዕድሜ የሚሰጠን አንዱ ጸጋ ይህ ነው፤ ማንም ያልጻፈው ታሪክ በሥራዎቹ መካከል ይወለዳል።

በ1949 «ባለቤት የሌለው ውሻ» ላይ ሳቶ የተባለ አንጋፋ መርማሪ ሆነ። ሽጉጡን የተሰረቀው ወጣት ፖሊስ በጸጸት ሲቃጠል ሳቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ቢራ ይቀዳለታል፣ የተኙ ልጆቹን ያሳየዋል። በ1950 «ቅሌት» ላይ ደግሞ ሂሩታ የተባለ ጠበቃ ሆነ፤ ከከሳሽ ደንበኛው ጀርባ ከተከሳሹ ጉቦ የሚበላ፣ ይህንንም እያወቀ ራሱን የሚጠላ ሰው። ሳንባ ነቀርሳ ያስተኛት ልጁ በክፉ ቃል አትወቅሰውም፤ ደግነቷ ግን ይከሰዋል። በመጨረሻ ችሎት ፊት ቆሞ የተቀበለውን ቼክ በራሱ ላይ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ይህን ሚና ከታላላቆቹ ተርታ የሚያስቀምጡት ጥቂቶች ናቸው። እኔ አስቀምጠዋለሁ፤ ደካማ ሰውን ሳይንቁ መጫወት ጀግናን ከመጫወት ይከብዳልና።

በዚያው በ1950 «ራሾሞን» ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ተሸልሞ የጃፓንን ፊልም ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ስለ «ራሾሞን» ሲወራ የሚነሣው ወንበዴው፣ ሴቲቱ፣ የሞተው ሳሙራይና እርስ በርሱ የማይስማማው ምስክርነታቸው ነው። ሺሙራ እንጨት ቆራጩ ነው። ችሎቱ የሚታይባቸውን ትዕይንቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ምስክሩ ከፊት ተቀምጦ ይናገራል፤ ከኋላ፣ በግድግዳው ሥር፣ እንጨት ቆራጩና መነኩሴው ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዳኛውን አናየውም፤ የምናየው ከኋላ ያሉትን ሰሚዎች ነው። ሺሙራ እዚያ ምንም አያደርግም። ከፊልሙ ፍጻሜ በኋላ ግን ያ ዝምታ ምን እንደነበረ ይገባናል፤ እንጨት ቆራጩ ሁሉንም አይቷል፣ አንድ ዋጋ ያለው ጩቤም አንሥቷል፣ ስለዚህ የሌሎችን ውሸት የሚያዳምጠው የራሱን ውሸት ደብቆ ነው። እየደበቁ ማዳመጥ! ለሁለተኛ ጊዜ ስናየው ያ ሰውዬ ከበስተጀርባ ሆኖ ፊልሙን ሁሉ ተሸክሞት እንደነበር እናያለን። በፍጻሜው አንድ የተጣለ ሕፃን ታቅፎ ከከተማው በር ሥር ሲወጣ ይቅር የምንለው፣ ይህን ሁሉ ሸክም በፊቱ ስላየነው ነው።

አሁን ወደ «ኢኪሩ»፣ ወደ 1952። ሺሙራ 47 ዓመቱ ነበር። ዋታናቤ ለምርመራ ሆስፒታል ሄዶ ተራውን ሲጠብቅ አንድ ወሬኛ ታማሚ አጠገቡ ይቀመጣል። የጨጓራ ካንሰር ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም ለሚሞት ሰው ምን እንደሚሉት በዝርዝር ይነግረዋል፦ ቀላል ቁስለት ነው ይሉሃል፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ይሉሃል፣ የፈለግኸውን ብላ ይሉሃል። ዋታናቤ ይሰማል። እያንዳንዱ ምልክት ሲነገር ሺሙራ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ከዚያ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ቃሉ እንዳይደርሰው። ቃሉ ግን ይደርሳል። በኋላ ከሐኪሙ ፊት ሲቀርብ፣ ሐኪሙ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳያዛንፍ ይናገራል። ካፖርቱ ከእጁ ይወድቃል። ሐኪሙ ሞት የሚል ቃል አላወጣም፤ የተናገረው ሁሉ መልካም ነው። ሞትን ያየነው በሰሚው ፊት ላይ ነው። በሲኒማ ታሪክ ውስጥ የማዳመጥን ኃይል ከዚህ በበለጠ ያሳየ ትዕይንት አላውቅም።

ቀጥሎ ያለው ፍለጋ ይታወቃል። ከአንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ጋር በሌሊት መሸታ ቤቶችን ይዞራል። በአንዱ ቤት የፒያኖ ተጫዋቹ ምን ልጫወት ሲል ዋታናቤ በ1915 የወጣ አሮጌ ዘፈን ይጠይቃል፤ ከዚያም ራሱ መዝፈን ይጀምራል። የሚደንሱት ይቆማሉ፣ ከእሱም ቀስ ብለው ይሸሻሉ። ያ ጃንጥላ ሠሪ፣ በ1939 በሙሉ ድምፁ የዘፈነው ሰው፣ እዚህ ድምፁን ትቶት ይዘፍናል። ጉሮሮው ሳይሆን ሟችነቱ ነው የሚዘፍነው። ችሎታ ያለው ሰው ችሎታውን አውልቆ ሲቆም የሚሆነውን ለማየት ለሚፈልግ ሁለቱን ፊልሞች ተከታትሎ ማየት ይበቃዋል። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ በበረዶ ውስጥ፣ በሠራው መጫወቻ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ዘፈን ሲደግመው ግን ሰሚ አይፈልግም። አንድ ፖሊስ ከሩቅ አይቶታል፤ እኛም የምናውቀው ፖሊሱ ለቅሶ ቤት መጥቶ ስለ ነገረን ነው።

«ሰባቱ ሳሙራይ» በኤፕሪል 1954 ወጣ፤ 207 ደቂቃ ይፈጃል። ሺሙራ ካምቤይ ነው፤ ብዙ ጦርነት ያየ፣ ያልተሸለመ፣ ጌታ የሌለው ሳሙራይ። ስናገኘው በወንዝ ዳር ጸጉሩን እየተላጨ ነው። አንድ ሌባ ሕፃን አግቶ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል፤ ካምቤይ መነኩሴ መስሎ ሊጠጋው ስለፈለገ የሳሙራይነቱን ምልክት፣ በራሱ ላይ የተቋጠረውን ጸጉር፣ ሕዝብ እያየው ይቆርጣል። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ክብርን መቁረጥ ነው። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ሁሉ፣ ግራ በገባው ወይም ነገር ባስደሰተው ቁጥር፣ የተላጨ ራሱን በመዳፉ ያሻል። አዲስ ራስ ተሰጥቶት ገና ያልለመደው ሰው ይመስላል። አንድን ሰው ሙሉ አድርጎ ለማቆም ለታላቅ ተዋናይ ይህን የምታህል ነገር ትበቃዋለች።

ገበሬዎቹ መጥተው መንደራቸውን ከሽፍታ እንዲጠብቅ ሲለምኑት ካምቤይ በመጀመሪያ እምቢ ይላል። የሚሰጣቸው ምክንያት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰው ያንሳል፣ ክፍያ የለም፣ ዕድሜው ገፍቷል። በዚያው ማረፊያ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በገበሬዎቹ ሲሳለቁ ቆይተው አንደኛው በድንገት ወደ ካምቤይ ይዞራል። ሩዝ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አንሥቶ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ዳጉሳ መሰል ተራ እህል እየበሉ ሩዙን ለአንተ ነው የሚያበሉህ ይለዋል። ካምቤይ ሳህኑን ይመለከታል። ከዚያ ይቀበለዋል፤ ይህን ሩዝ በከንቱ እንደማይበላ ይናገራል። ውሳኔው የተወሰነው ሳህኑን ባየበት በዚያ አጭር ዝምታ ነው። የጦር መሪ ማለት የሚያዝዝ ሰው ነው ብለን ለለመድን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የካምቤይ መሪነት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የቆመው ከማንም ቀድሞ የሰማ ሰው በመሆኑ ላይ ነው።

ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በኖቬምበር 1954፣ «ሰባቱ ሳሙራይ»ን የሠራው ቶሆ የተባለ ኩባንያ «ጎጂራ»ን አወጣ፤ ዓለም ጎድዚላ ብሎ የሚያውቀውን። በማርች ወር አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ባደረገችው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች በጨረር አመድ ተመትተው ነበር፤ ፊልሙ ከዚያ ቁስል የወጣ ነው። ሺሙራ የጥንት ፍጥረታት ተመራማሪው ዶክተር ያማኔ ሆነ። ሁሉም ጭራቁን እንግደለው ሲል ያማኔ ይህን የተረፈ ፍጥረት እንመርምረው ይላል፤ ማንም ሳይሰማው ሲቀር ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ካምቤይን ከተጫወተ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው፣ የጎማ ልብስ ለብሶ ከሚንቀሳቀስ ጭራቅ ጋር በአንድ ፊልም ሲሠራ ፊቱ ላይ አንዲት የንቀት ምልክት ብትታይ ፊልሙ ይፈርስ ነበር። አልታየችም። ያማኔ የኑክሌር ሙከራው ካልቆመ ሌላ ጎጂራ ሊመጣ ይችላል ብሎ ሲናገር፣ ሂሮሺማንና ናጋሳኪን የቀበረ ሕዝብ እውነት አድርጎ ሰማው። የሙያ ክብር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ተዋናዩ ለትልቁና ለትንሹ ሥራ ሁለት ዓይነት እውነት አላዘጋጀም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለብዙዎች የመቀነስ ዘመን ይመስላል። በ1961 «ዮጂምቦ» ላይ ወራዳ የሳኬ ጠማቂ፣ በዚያው ዓመት «ሞስራ» ላይ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ በ1962 «ሳንጁሮ» ላይ ከሙሰኞቹ ሹማምንት አንዱ፣ በ1963 «ሰማይና ሲኦል» ላይ ጥቂት የሚናገር የፖሊስ አለቃ ሆነ። በማሳኪ ኮባያሺ «ካይዳን» ላይ ደግሞ የአንድ ዓይነ ስውር አዝማሪ ገላ በቅዱስ ጽሑፍ እንዲሸፈን የሚያደርገው የገዳም አለቃ እሱ ነው፤ ጆሮዎቹ ሳይጻፍባቸው ይረሳሉ፣ የሙት ሳሙራይ መንፈስም ጆሮዎቹን ነቅሎ ይወስዳል። «ኢኪሩ»ንና «ሰባቱ ሳሙራይ»ን የተሸከመ ሰው፣ በእንግሊዝ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ሁለት ጊዜ በምርጥ የውጭ ተዋናይነት የታጨ ሰው፣ ለአምስት ደቂቃ ሚና እንዴት ይመጣል? ጥያቄው ራሱ ሕመማችንን ያሳያል። የተዋናይን ዋጋ በስሙ ፊደል መጠን መለካት ለምደናል። ሺሙራ ግን ወደ አምስት ደቂቃዋ የሚመጣው የሚሰማው ሰው እዚያም ስላለ ነው። ከመሪነት ወደ አጃቢነት ወረደ የሚሉትን አልቀበልም፤ ሥራው ከመጀመሪያውም ሌላውን መቀበል ስለነበረ በእሱ ዘንድ መውረድ የሚባል ነገር አልነበረም።

በ1980 ኩሮሳዋ «ካጌሙሻ»ን ሲሠራ ለሺሙራ አንዲት አጭር ሚና ሆን ብሎ ጻፈለት። የመጨረሻ አብሮነታቸው እሷ ነበረች። ለውጭ አገር ገበያ ባጠረው ቅጂ ላይ ግን ያቺ ሚና ተቆርጣ ወጣች፤ ከጃፓን ውጭ ፊልሙን በዚያ ዘመን ያዩት ሰዎች ሺሙራን አላገኙትም። አሳዛኝ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ ሙሉው ቅጂ ወደ ውጭ ሲደርስ ሽማግሌው በቦታው ተገኝቷል። በ2022 ደግሞ ካዙኦ ኢሺጉሮ «ኢኪሩ»ን ወደ ለንደን አምጥቶ «መኖር» በሚል ርዕስ አዲስ የፊልም ድርሰት ጻፈ፤ ቢል ናይ የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይም የሺሙራን ቦታ ያዘ። ናይ ጥሩ ሠርቷል፤ ጨዋ፣ ቀጭን፣ የታፈነ ሰው ነው። ሺሙራን ለመምሰል አለመሞከሩ ብልህነቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ያየህ አንባቢ፣ ያየሽ አንባቢ፣ እንደገና እዩት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሚፉኔ ሲዘል፣ ገበሬዎቹ ሲጮኹ፣ ዓይናችሁን ከካምቤይ ላይ አታንሡ፣ ሌላው ሲናገር እሱ ምን እንደሚሆን ተከተሉ። ስለ ፊልም የምትጽፉና በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምትናገሩ ደግሞ፣ የእኛንም ፊልሞች ስትገመግሙ ከመሪ ተዋናዮቹ ስም ላይ አታቁሙ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላውን ሰው እውነተኛ ያደረገውን አባት፣ ጎረቤት፣ ዘበኛ፣ የቡና ቤት አስተናጋጅ ሆና የሠራችውን ሴት ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ምን እንዳደረጉም በዝርዝር ንገሩን። በሕይወት ሳሉ ይድረሳቸው።